አደራ ያልበላ ምርኮኛ

«አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን» ሲባል የብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ሥዕል አንድ ነው፤ ካባ የደረቡ፣ መስቀል የጨበጡ፣ ጢማቸው የወረደ ጳጳስ። በየዓመቱ ሐምሌ 26 ቀን መታሰቢያቸው ሲደርስ የሚነገረውም በአብዛኛው ስለ ሹመታቸው ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጳጳስ እንደሆኑና ከእስክንድርያ ተሾመው እንደመጡ ልጆቻችን ጭምር ያውቃሉ። ከጵጵስናው በፊት ያለው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ በሁለት ዓረፍተ ነገር ታልፎ ይቀራል። ያ ታሪክ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው፤ ከወላጆቹ አገር ርቆ፣ አብረውት የነበሩት ሁሉ ተገድለውበት፣ በማያውቀው ሕዝብ መካከል በሰው ቤት ያደገ ልጅ።

ዛሬ በቤተሰብ ገጻችን የምናነሳው ይህንኑ ክፍል ነው። የሰው ልጅ በቤቱ የሚያሳድግ፣ ልጁን ለሌላ ሰው እጅ አምኖ የሰጠ፣ ወይም ልጁ በሰው አገር የሚኖርበት ወላጅ ሁሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱን ጉዳይ ያገኛልና።

ከዛፍ ሥር የተገኙት

ዘመኑ 4ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዛሬዋ ሊባኖስ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በጢሮስ ከተማ ሜሮጵዮስ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ሩቅ አገር ማየትና መመርመር ይወድ ስለነበር ለጉዞ ተነሣ፤ የሚያስተምራቸውን ሁለት የዘመድ ልጆችም ይዞ ሄደ። ታላቁ ፍሬምናጦስ፣ ታናሹ ኤዴስዮስ ይባላሉ። በአገራችን ትውፊት የሚታወቁት ወንድማማች ተብለው ነው። በዚያ ጊዜ የሜዲትራኒያን ሰዎች ከቀይ ባሕር ወዲያ ያለውን አገር በጅምላ «ህንድ» ይሉት ስለነበር ጉዞው በጽሑፍ የሰፈረው ወደ ህንድ እንደተደረገ ተደርጎ ነው።

ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ለመያዝ መርከባቸው አንድ ወደብ ላይ ቆመች። የደረሱት በክፉ ቀን ነበር። የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበረው ውል ፈረሰ ሲባል በወደባቸው ያገኙትን የሮም ሰው ሁሉ መግደል ልማዳቸው ነበር፤ ያን ሰሞንም እንዲህ ያለ ወሬ ደርሷቸዋል። መርከቧ ላይ ወጡ። ሜሮጵዮስና አብረውት የነበሩት ሁሉ በሰይፍ አለቁ።

ልጆቹ ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን እያጠኑ ነበር። ያገኟቸው ሰዎች ልጅነታቸውን አይተው አዘኑላቸው። አልገደሏቸውም፤ ወስደው ለንጉሡ ሰጧቸው።

ይህን የምናውቀው ሩፊኖስ የሚባል የላቲን ታሪክ ጸሐፊ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ከጻፈው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ሩፊኖስ ነገሩን ሦስተኛና አራተኛ ሰው አልነገረውም። ከዛፍ ሥር ከተገኙት ልጆች አንዱ፣ ኤዴስዮስ ራሱ፣ በአንደበቱ እንደነገረው ጽፏል።

ዋንጫና መዝገብ

ንጉሡ ኤዴስዮስን ጠጅ አሳላፊው አደረገው። ፍሬምናጦስ አስተዋይና ብልህ መሆኑን ስላየ ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ሒሳብና የደብዳቤ ሥራ ሰጠው። በኋላ ዘመን በነበረው የአገራችን ማዕረግ ብንጠራው በጅሮንድም ጸሐፌ ትእዛዝም እንደማለት ነው።

ይህን ሹመት በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የንጉሥን መጠጥ የሚያቀርብ ሰው የንጉሡን ነፍስ በእጁ ይዟል፤ መርዝ የሚገባው በዋንጫ ነውና። ሒሳቡንና ደብዳቤውን የያዘ ደግሞ የመንግሥቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቃል። ወገኖቻቸው በዚያ ምድር ላይ የታረዱባቸውን ልጆች በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ማስቀመጥ ትልቅ እምነት ይጠይቃል። በልጆቹ በኩል ካየነውም ነገሩ ቀላል አልነበረም። ቂም ለመያዝ ከእነርሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው አልነበረም፤ ቂማቸውን የሚወጡበት አጋጣሚም በየቀኑ በእጃቸው ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ማሳመር አያስፈልግም። ልጆቹ ምርኮኞች ነበሩ። ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት በፈቃዳቸው አይደለም፤ ወደ ጢሮስ የሚመልሳቸው ሰውም አልነበረም። እናትና አባት ልጆቻቸው ይሙቱ ይኑሩ ሳያውቁ ስንት ዓመት እንደኖሩ መገመት ለወላጅ አይከብድም። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት የገጠማቸው ነገር ከምርኮኛ ዕጣ የተለየ ነበር። የልጆቹ ችሎታ ታየ፤ ማንበብና መጻፋቸው ሥራ ላይ ዋለ። ሩፊኖስ እንደሚለው ንጉሡ በክብርና በፍቅር ያዛቸው።

የመበለቲቱ ልመና

ንጉሡ ሲሞት ሁለት ነገር ትቶ ሄደ፤ ገና ሕፃን የሆነ አልጋ ወራሽና መበለት የሆነች ንግሥት። ለሁለቱ ወጣቶችም ነፃነታቸውን ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደፈለጉበት መሄድ ይችሉ ነበር።

የአገራችን ትውፊት ንግሥቲቱን አሕየዋ ይላታል፤ ሶፍያም ትባላለች። የነበረችበትን ሁኔታ ለመረዳት ታሪክ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ባሏ ሞቷል። ልጇ ትንሽ ነው። ዙፋኑን የሚመኝ ዘመድም ባላባትም አይጠፋም። ለልጇ ሞግዚት ከመኳንንቱ መካከል ብትመርጥ፣ የመረጠችው ሰው ራሱ ልጇን የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። እርሷ ግን ወደ ሁለቱ የባዕድ አገር ልጆች ሄደች። ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲያግዟት ለመነቻቸው፤ በተለይ ፍሬምናጦስን። በመንግሥቱ ውስጥ ከእነርሱ ይልቅ የሚታመን ሰው አላገኘችም።

ንግሥት ናት፤ ለማዘዝ ሥልጣኑ ነበራት። እርሷ ግን ለመነች። ነፃ የወጣን ሰው በግድ አስቀርቶ ልጅ አሳድግልኝ ማለት እንደማይቻል የገባት ትመስላለች። ልጅ የሚያሳድግ እጅ የታሰረ እጅ ከሆነ የሚሰጠው ነገር እንዴት ያለ እንደሚሆን እናት ታውቃለች።

ወጣቶቹ የጢሮስ መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ ቀሩ። የቀሩትም ለአንድ ክረምት ወይም ለሁለት አይደለም፤ ሕፃን አድጎ አገር ለመምራት እስኪበቃ ድረስ ነው።

አደራውን እንዴት ያዘው?

ፍሬምናጦስ በዚያ ዘመን የአክሱምን መንግሥት መሪ ጨብጦ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ሁሉ ሥልጣን ይዞ ምን ሠራ?

ሩፊኖስ እንደሚለው በመጀመሪያ ያደረገው ለንግድ ከሚመጡት የሮም ሰዎች መካከል ክርስቲያኖች እንዳሉ መጠየቅ ነበር። ላገኛቸውም መብት ሰጣቸው፤ በየቦታው ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቤት እንዲያበጁ አበረታታቸው፤ የሚሠሩበትን ቦታና የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ አሟላላቸው። በአክሱም ምድር የተደራጀ ክርስቲያናዊ ሕይወት የጀመረው እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው። አዋጅ አልተነገረም፤ የአገሬውም ቤተ መቅደስ ስለ መፍረሱ የተጻፈ ነገር የለም። የጸሎት ቦታ ለሌላቸው ነጋዴዎች የጸሎት ቦታ ተሰጠ፤ ነገሩም ከዚያ ተነሥቶ እያደገ ሄደ።

ከዚህ የበለጠ ሊደንቀን የሚገባው ያላደረገው ነገር ነው። አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ያ ሕፃን ንጉሥ ዒዛና ነው ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ደግሞ አብርሃ ወአጽብሐ የተባሉትን ወንድማማች ነገሥታት ያነሣል። በአክሱም በሦስት ዓይነት ጽሕፈት፣ በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ የተቀረጸው የዒዛና ድንጋይ የንጉሡን ድል የሚናገረው ማሕረም የሚባለውን የቀደመ አምላክ ስም እየጠራ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹም ላይ የጥንቱ እምነት ምልክት የሆኑት ክብና ግማሽ ጨረቃ አሉ። በኋላ የተቀረጹት ጽሑፎች ግን የሰማይን ጌታ ያነሣሉ፤ አንድ የግሪክ ጽሑፍ ደግሞ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ማመኑን በግልጽ ይናገራል። በሳንቲሙም ላይ የጨረቃው ቦታ በመስቀል ተተካ። መስቀል ከተቀረጸባቸው የዓለም የመጀመሪያ ሳንቲሞች መካከል እነዚህ የአክሱም ሳንቲሞች ይገኙበታል።

ከእነዚህ ድንጋዮችና ሳንቲሞች የምንረዳው ነገር አለ። ንጉሡ ዘውድ ጭኖ በነገሠበት የመጀመሪያ ዘመን ገና የአባቶቹን አምላክ ያመልክ ነበር። ሞግዚቱ ሕፃኑንና መንግሥቱን በእጁ ይዞ ሳለ እምነቱን በግድ አልጫነበትም። አሳደገው፤ ያደገውም ሰው ጊዜው ሲደርስ በራሱ መረጠ። ልጆቻቸው በአንድ ቀን ጀምበር እነርሱን እንዲመስሉ ለሚቸኩሉ ወላጆች ይህ ትዕግሥት ትምህርት ነው።

ሁለት ወንድማማች፣ ሁለት መንገድ

ልጁ አደገ። ሁለቱ ሰዎች በአደራ የያዙትን ሁሉ ለባለቤቱ አስረከቡ። ንግሥቲቱና ልጇ እንዲቀሩ አጥብቀው ቢለምኗቸውም ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ።

በአማርኛ «አደራ በላ» ከሚለው የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። ሥልጣን በእጁ የገባ ሰው «ልጁ ገና አልበሰለም» ብሎ ዓመት በዓመት ላይ መጨመር ይችል ነበር። በዙፋን ላይ ያለ ሕፃን ሞግዚቱ ራሱ ሲበላው ብዙ አገር አይቷል። እነዚህ ሁለቱ ግን ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ አስረከቡ።

ከዚህ በኋላ መንገዳቸው ተለያየ። ኤዴስዮስ እናት አባቱንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ። እዚያው ካህን ሆኖ ኖረ። ስለ እርሱ ብዙ አይሰበክም፤ በስሙ የሚታወቅ ትልቅ በዓልም የለንም። ነገር ግን ልጃቸው በባሕር የጠፋባቸው ወላጆች በር ላይ የቆመው እርሱ ነው። ታሪኩንም ለሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነው። እርሱ ወደ ቤቱ ባይመለስና ያየውን ባይናገር ኖሮ፣ ስለ ፍሬምናጦስ ልጅነት ከሩፊኖስ የምናገኘው አንዳች ነገር አይኖርም ነበር።

ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄደ። ወደ ሊቀ ጳጳሱ ወደ አትናቴዎስ ቀርቦ በአክሱም የሆነውን ሁሉ ዘርዝሮ ነገረው። አማኞች እየበዙ እንደሆነ፣ የጸሎት ቤቶች እንደተሠሩ ገልጾ፣ ለዚያ ሕዝብ የሚገባ ጳጳስ ፈልጎ እንዲልክለት ጠየቀ። ራሱን ለሹመት አላቀረበም። አትናቴዎስ ግን ከካህናቱ ጋር ተማክሮ ለዚህ ሥራ ከአንተ የተሻለ ሰው አናገኝም አለው፤ ጵጵስና ሾሞም ወደመጣበት መለሰው። አትናቴዎስ መንበሩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ328 ነው። የፍሬምናጦስን ሹመት በ330 አካባቢ የሚያደርጉ ሊቃውንት አሉ፤ ወደ 340ዎቹ የሚያወርዱትም አሉ።

ፍሬምናጦስ የተመለሰው መምህሩ ወደተገደለበት ምድር ነው። በልጅነቱ ተጎትቶ ወደመጣበት አገር፣ አሁን ማንም ሳያስገድደው መጣ። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ቂም ይዞ ቢመለስ ኖሮ ያ ሕዝብ ለመስማት ጆሮ አይሰጠውም ነበር።

«አባ ሰላማ»

ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም የሆነውን ሁሉ ይናገራል። «አባ ሰላማ» አሏቸው፤ የሰላም አባት። «ከሣቴ ብርሃን» አሏቸው፤ ብርሃንን የገለጠ። ወደዚህ ምድር የገቡት በደም መካከል ነበር፤ ስማቸው ግን ሰላም ሆነ።

ያሳደጉት ልጅም አንድ ቀን ፈተና ላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ356 ወይም በ357 ከሮም ንጉሠ ነገሥት ከቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ተላከ። ቆስጠንጢዮስ የአርዮስን ትምህርት ከሚከተሉት ወገን ስለነበር አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳድዶ በምትኩ የቀጰዶቅያውን ጊዮርጊስን አስቀምጦ ነበር። ደብዳቤው በአትናቴዎስ የተሾመው ፍሬምናጦስ በአዲሱ ሊቀ ጳጳስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር በፍጥነት ወደ ግብፅ ላኩት ይላል። ይህ ደብዳቤ ዛሬም የሚነበበው አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስላስቀመጠው ነው።

የሮም ንጉሠ ነገሥት በዘመኑ ከሁሉ በላይ ኃያል ሰው ነበር፤ ለአክሱም ነጋዴዎች ደግሞ የሮም ወደቦች ትልቅ ጥቅም ነበሩ። ዱሮ ሕፃኑ በፍሬምናጦስ እጅ ነበር፤ አሁን ፍሬምናጦስ በሕፃኑ እጅ ገቡ። አባ ሰላማ ተላልፈው እንደተሰጡ የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለም። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትውፊት በዚህችው ምድር እያስተማሩና እያጠመቁ ኖረው በዚህችው እንዳረፉ ይናገራል። ቤተ ክርስቲያኒቱም በአትናቴዎስ እምነት ጸናች። አደራውን ያልበላ ሞግዚት፣ አደራ የማይበላ ልጅ አሳድጎ ነበር።

ከእርሳቸው የቀረው

አባ ሰላማ የጀመሩት ግንኙነት ዕድሜው ረጅም ሆነ። ከእርሳቸው በኋላ 1,600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን ከእስክንድርያ ታስመጣ ነበር። ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ የተሾመው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ እርሳቸውም አቡነ ባስልዮስ ናቸው፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። በተምቤን በአባ ሰላማ ስም የሚጠራ ጥንታዊ ገዳም አለ። ልጆቻችን በየቀኑ የሚያነቡት ፊደልም ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። የግዕዝ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ቅርጹን እየለዋወጠ አናባቢ ሲያሳይ የምናየው በዒዛና ዘመን ጽሑፎች ላይ ነው። ይህን ሥራ ለአባ ሰላማ የሚሰጡ ብዙዎች ናቸው፤ የአገሬው ሊቃውንት ሥራ ነው የሚሉም አሉ።

የቤታችን ጉዳይ

ይህን ታሪክ ለልጆቻችን ስንነግር ከጵጵስናው ሳይሆን ከዛፉ ሥር ብንጀምር መልካም ነው። ልጅ ልጅን ይሰማል። ከዚያም አልፎ ታሪኩ እኛን አዋቂዎቹን የሚጠይቀን ነገር አለ።

ዛሬ በብዙ ቤት የሰው ልጅ አለ። ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ፣ ልጃችንን የምታዝል ሞግዚት፣ ሱቅ የሚላክ፣ ዕቃ የሚያጥብ ልጅ አለ። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ በመጀመሪያው ቀን ከእነዚህ ልጆች የተሻለ ነገር አልነበራቸውም፤ አገሩን አያውቁም፣ ዘመድ የላቸውም፣ የተሰጣቸውን ይሠራሉ። የተለየው የገቡበት ቤት ነው። በዚያ ቤት አንድ ሰው ልጁ ማንበብ እንደሚችል አየ፤ ያየውንም ከንቱ አላስቀረውም። በእኛ ቤት ያለችው ልጅ የማታ ትምህርት ለመማር ፈቃድ አላት? ደብተሯን የምትገልጥበት ሰዓት አላት? አገሯ ያሉትን እናቷን በስልክ የምታገኝበት ቀን አላት? በበዓል ቀን ከማዕዱ ዙሪያ የት ነው የምትቀመጠው? ነገ ልጆቻችን ስለ ሰው ክብር የሚያውቁት በዚህ ነው፤ እኛ ከምንመክራቸው ይልቅ እርሷን ስንጠራት የሚሰሙት ድምፅ ይቀርባቸዋል።

ልጆቻቸው በዓረብ አገር፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ በሰው ቤትና በሰው አገር የሚኖሩባቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ ከጢሮስ ወላጆች ጎን ይቆማሉ። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ አንዱ ባደገበት አገር ሥራ አግኝቶ በዚያው ኖረ። ታሪኩ የተመለሰውን ሰነፍ፣ የቀረውን ከሃዲ አላለም። ልጅ ሲመለስም ሲቀርም ወላጅ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ መሆን አለበት፤ የተሰጠውን አደራ ጠብቋል ወይ?

ለአያቶች የሚቀረው የኤዴስዮስ ድርሻ ነው። እርሱ ጳጳስ አልሆነም፤ ያየውን ግን ለሚጽፍ ሰው ነገረ። በየቤቱ ከኤዴስዮስ ያላነሰ ነገር ያየ አያት አለ፤ በስደት ያለፈ፣ በሰው ቤት ያደገ፣ የሰው ልጅ ያሳደገ። የሚጽፍለት ሩፊኖስ ላይመጣ ይችላል። የልጅ ልጁ ግን አጠገቡ ተቀምጧል፤ ለእርሱ ይንገረው።